የሕፃናትን ኑሮ ለሚሰፍሩና ለሚያነጻጽሩ ሁሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ እንዲሁም የሕፃናትን ኑሮ አገር ከአገር እያስተያየ ለሚያትም ጽሕፈት ቤት ሁሉ



በውጭ አገር ያሉ ታላላቅ ድርጅቶችና የምርምር ቤቶች የሕፃናትን ደኅንነት በየመስፈርቱ ለክተው፣ አገሮችንም ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በተርታ አሰልፈው መግለጫ ባወጡ ቍጥር፣ የእኛ ጋዜጦችና ራዲዮኖች ወሬውን ተቀብለው ማን ቀደመ፣ ማን ተከተለ፣ እኛስ ከስንተኛው ተገኘን እያሉ እንደ እግር ኳስ ውጤት ስለሚያሰሙት፣ አድማጩም ደረጃውን ብቻ ይዞ ስለሚቀር፣ ደረጃው ከምን ከምን እንደ ተቀመመ፣ ማን ተጠይቆ ማን ሳይጠየቅ እንደ ቀረ የሚያስረዳው ስላላገኘ፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ልጽፍላችሁ ተነሣሁ።

ቍጥርን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። ያልተቈጠረ ሕፃን ክትባቱም፣ የመማሪያ ወንበሩም፣ በድርቅ ዘመን የሚታደለው አልሚ ምግብም በበጀት ሰነድ ላይ እንደማይጻፍለት ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል። የእኔ ቅሬታ ቍጥር በዛ የሚል ሳይሆን ቍጥር ጐደለ የሚል ነው፤ ይኸውም፣ አገርን ከአገር የሚያስተያየው ሠንጠረዥ ቈጣሪው ከቤቱ ወይም ከመማሪያ ክፍሉ ያገኘውን ሕፃን ብቻ ዐውቆ፣ ከሁለቱም ስፍራ የታጣውን እንዳልተፈጠረ አድርጎ የሚያልፍ ስለ ሆነ፣ ከእያንዳንዱ አኃዝ አጠገብ ሳይቈጠሩ የቀሩት እነማን እንደ ሆኑ ተጽፎ እንዲታተም እለምናለሁ። በዚህ ደብዳቤ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ፣ መግለጫዎቹ የወጡበት ዘመን እንዳይፋለስ ስል፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የነገሩን ሥር ለመያዝ ያህል ወደ ኢጣልያ፣ ወደ ፍሎረንስ ከተማ እንሻገር። በዚያች ከተማ የሐር ነጋዴዎች ማኅበር ገንዘብ አውጥቶ፣ ብሩኔሌስኪ የተባለው ስመ ጥር የሕንጻ ሊቅ ንድፉን ነድፎለት፣ በ1419 የተጀመረ፣ በ1445ም የመጀመሪያይቱን ሕፃን የተቀበለ፣ ለተጣሉ ልጆች ማሳደጊያ የሆነ ቤት አለ፤ ስሙም ሄሮድስ በቤተ ልሔም ላስፈጃቸው ሕፃናት መታሰቢያ የተሰየመ ነው። የዚህ ቤት ጸሐፊዎች አንድ ሕፃን በመጣ ጊዜ የመጣበትን ቀን፣ የተጠቀለለበትን ጨርቅ፣ እናቱ ምናልባት አንድ ቀን ተመልሳ ብትፈልገው መለያ እንዲሆናት አብራው የተወችውን የተሰበረ ሳንቲም ሳይቀር በመዝገብ ያሰፍሩ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት፣ ማለት ዩኒሴፍ፣ በ1988 የምርምር ማዕከሉን ያቋቋመው በዚሁ ቤት ነው፤ የበለጸጉ አገሮችን በሕፃናት ድህነት የሚያስተያየው የመጀመሪያ ሠንጠረዥም በ2000 ከዚያው ወጣ።

ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ያስደነገጠው ይኸው ማዕከል በ2007 ያወጣው ሰባተኛው መግለጫ ነበር። 21 የበለጸጉ አገሮች በ40 መለኪያዎች፣ መለኪያዎቹም በስድስት ምዕራፍ ተከፍለው፣ ማለት በቁሳዊ ኑሮ፣ በጤናና ከአደጋ በመጠበቅ፣ በትምህርት፣ ከቤተ ሰብና ከእኩዮች ጋር ባለው ግንኙነት፣ በጠባይና በአደገኛ ልማድ፣ በመጨረሻም ልጁ ራሱ ስለ ኑሮው በሚሰጠው ቃል ተመዘኑ። ሆላንድ አንደኛ ወጣች፤ አሜሪካ 20ኛ፣ ብሪታንያ 21ኛ ሆኑ። ከመለኪያዎቹም ብዙዎቹ ከማንኛውም ቤት ጓዳ የማይርቁ ነበሩ፤ ልጁ በሳምንት ውስጥ ብዙ ጊዜ ዋናውን ምግብ ከወላጆቹ ጋር በገበታ ይበላልን? ወላጆቹ እንዲያው ለጨዋታ ያህል ተቀምጠው ያነጋግሩታልን? በቤቱ ያሉት መጻሕፍት ከ10 ያንሳሉን? የሚያጠናበት ጠረጴዛና ጸጥ ያለ ስፍራስ አለውን? እኩዮቹን ደጎችና ረዳቶች ናቸው ይላቸዋልን? የብሪታንያ መንግሥት መረጃው ያረጀ ነው ብሎ ተሟገተ፤ ክርክሩም ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ ብዙው መረጃ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተሰበሰበ ነበርና። ነገር ግን በገቢዋ ከብዙዎቹ የምታንሰው የቼክ ሪፐብሊክ ፈረንሳይንና ኦስትርያን፣ አሜሪካንና ብሪታንያን ቀድማ መገኘቷን ያየ ሰው፣ ሀብት በራሱ ወደ ሕፃኑ አልጋና ገበታ ወርዶ እንደማይደርስ መረዳቱ አልቀረም፤ ባለጸጋን መንግሥት በአደባባይ ማሳፈር የዚህ ሠንጠረዥ እውነተኛ ጥቅሙ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስሌቱን እንመርምረው ካልን ግን፣ በየምዕራፉ ውስጥ እያንዳንዱ አገር ከሁሉም አማካይ የራቀበት ልክ ይሰላል፤ ከዚያም በስድስቱ ምዕራፎች ያገኛቸው ስድስት ደረጃዎች ተደምረው ለስድስት ይካፈላሉ፤ የመጨረሻውም ተራ በዚህ ይወሰናል። እንግዲህ የጨቅላ ሕፃናት ሞት የተቈጠረበት የጤና ምዕራፍና የእኩዮች ደግነት የተጠየቀበት ምዕራፍ በአንድ ክብደት ተመዘኑ ማለት ነው። ይህ ስሕተት ነው አልልም፤ ከአንዱ ይልቅ ሌላው ይበልጣል ለማለት ከሰማይ የወረደ ሚዛን አዘጋጆቹ የላቸውምና፣ እኩል ማድረጉን መርጠዋል። ሆኖም እኩል ይሁኑ ማለትም ፍርድ ነው፤ ፍርዱም ከስሌቱ በፊት፣ በጠረጴዛ ዙሪያ በተቀመጡ ጥቂት ሰዎች የተሰጠ ነው፤ ደረጃውን በራዲዮ የሚሰማው ሕዝብ ግን ይህን ፍርድ እንደ ተፈጥሮ ሕግ አድርጎ ይቀበለዋል።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ ሠንጠረዡ ወደ 29 አገሮች ሰፍቶ፣ የልጆቹም የራሳቸው ቃል ከደረጃው ስሌት ተለይቶ በሌላ ክፍል ተቀምጦ ሲወጣ፣ ሆላንድ በአንደኝነቷ ጸናች፤ ሩማንያም የመጨረሻይቱ ሆነች። በዚያው ዓመትና በተከታዩ ደግሞ፣ «የልጆች ዓለም» የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት በ15 አገሮች የሚኖሩ፣ ቍጥራቸው ከ53 ሺህ የሚበልጥ፣ ዕድሜያቸው 8፣ 10ና 12 ዓመት የሆኑ ልጆችን ስለ ቤታቸው፣ ስለ ትምህርት ቤታቸው፣ ስለ ጓደኞቻቸውና ስለ ራሳቸው በቀጥታ ቢጠይቅ፣ የሩማንያ ልጆች በኑሯችን ደስ ይለናል ከሚሉት ከፊተኞቹ ተርታ ተገኙ፤ በፈተና ውጤት ዓለምን የሚያስደንቁት የደቡብ ኮርያ ልጆች ግን ከኋለኞቹ መካከል ሆኑ። አንዲቱ ሩማንያ፣ በአንድ ዘመን፣ በአንዱ መዝገብ ጭራ፣ በሌላው ራስ ሆና መገኘቷ መለኪያን የሚያመልኩትን ሊያሳስብ ይገባ ነበር። በሁለቱም ዘንድ ሐሰት የለም፤ አንደኛው የቤቱን ዕቃ፣ የሐኪሙን መዝገብና የትምህርቱን ውጤት አየ፤ ሁለተኛው ልጁን ጠየቀ፤ የተጠየቁትም በዕድሜ እኩዮች አልነበሩም። ደግሞም ኑሮህን ከ0 እስከ 10 ባለው መሰላል ላይ አስቀምጥ የተባለ ልጅ፣ የመሰላሉን ጫፍ የሚስለው ካየውና ከሰማው ኑሮ ተነሥቶ ስለ ሆነ፣ የአምስተርዳሙ 8 እና የገጠር ሩማንያው 8 አንድ ቍጥር ቢሆኑም አንድ ከፍታ አይደሉም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ እበድላለሁ። የሕፃኑን ቃል ብቻ እንስማ የሚሉ አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አልቆምም። በባዶ እግሩ እየሄደ የሚስቅ ሕፃን አይተን፣ ይህስ ምን ጐድሎበት ብለን የምናልፍ ከሆነ፣ የልጅ ደስታ ለሹም ስንፍና መሸሸጊያ ይሆናል። ይሁን እንጂ ከተጠየቁት 15 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ስለ ነበረች፣ የሀገራችን ሕፃን ስለ ኑሮው ተጠይቆ መልስ ሊሰጥ አይችልም የሚለው ሰበብ ከዚያ ወዲህ ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም። ሕፃን በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡ እንዲሰማለት የሚደነግገውን የ1989ኙን የሕፃናት መብቶች ስምምነትም አገራችን በ1991 ተቀብላዋለች።

አሁን ደግሞ፣ ማነጻጸር በእውነት ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማሳየት፣ ስለ ቁመት ልናገር። ከብዙ ዘመን ጀምሮ የዓለም ሕፃናት ዕድገት ይመዘን የነበረው በአሜሪካ ሕፃናት ቁመትና ክብደት ሲሆን፣ ለትንንሾቹ የሚያገለግለው ሰንጠረዥ ከኦሃዮ የተገኘ፣ የተለኩትም አብዛኞቹ በጡጦ ያደጉ ነበሩ። ስለዚህም፣ የአፍሪካና የእስያ ሕፃን በቁመቱ አነሰ በተባለ ጊዜ፣ የእኛ ዘር በተፈጥሮው አጭር ነው የሚል መልስ ከወላጅም ከሹምም ዘንድ ይሰማ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ክርክር ለመቍረጥ፣ ከ1997 እስከ 2003 ድረስ፣ በብራዚል ፔሎታስ፣ በጋና አክራ፣ በሕንድ ዴልሂ፣ በኖርዌይ ኦስሎ፣ በዑማን ሙስካትና በአሜሪካ ዴቪስ፣ የእናት ጡት የጠቡ፣ እናቶቻቸው ሲጋራ የማያጨሱ፣ ኑሯቸውም የተመቸ 8,500 ያህል ሕፃናትን ለካ። የጋናው፣ የሕንዱና የኖርዌዩ ሕፃን፣ ጠግቦና ከበሽታ ተጠብቆ ካደገ፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ቁመቱ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። በ2006 የወጣው መስፈርት የተሠራው በዚህ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመቀንጨርን ነገር በዘር ማሳበብ ማስረጃ አጣ። እኔ ከሕፃናት መለኪያዎች ሁሉ ይህን አብልጬ አከብራለሁ፤ ማንም ማንንም እንዲመስል አላስገደደምና፤ ይልቁንም ስድስት አገሮች አብረው መስፈርቱን ወለዱት።

በዚህ መስፈርት ሲታይ፣ በ2000 ከኢትዮጵያ ሕፃናት ከመቶ 58ቱ የቀነጨሩ ሲሆኑ በ2016 ወደ 38 ወርደዋል፤ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱትም ከሺህ 166 ወደ 67 ዝቅ ብለዋል። ይህን ለውጥ ያመጡትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና እናቶች ማመስገን ተገቢ ነው። ግን ቍጥሩ በምን ድካም እንደሚገኝ ስንቶቻችን እናውቃለን? መለኪያው ረጅም እንጨት ነው፤ ዕድሜው ከሁለት ዓመት ያነሰ ሕፃን በጀርባው ተኝቶ ራሱ ከማይነቃነቀው ጫፍ ይገጠማል፤ አንዲት ረዳት ጭንቅላቱን ይዛ ዐይኑን ሽቅብ ታሳየዋለች፤ ሁለተኛው ለኪ ጕልበቱን በእጁ ተጭኖ፣ ተንሸራታቹን ጣውላ እስከ ተረከዙ ያስጠጋዋል፤ ሕፃኑ ይጮኻል፤ እናቱ አይዞህ፣ አይዞህ ትላለች። ከሁለት ዓመት በላይ የሆነው ግን ቆሞ ይለካል፤ አንዱ ልጅ ተኝቶ ሲለካ ቆሞ ከሚለካበት 0.7 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማልና፣ ዕድሜውን መሳት የአለካኩን ሥርዓት እስከ መሳት ያደርሳል። መቀንጨር ማለት ደግሞ ለዕድሜ አጭር መሆን ስለ ሆነ፣ ልኩ ትክክል ሆኖ ወሩ ቢሳሳት፣ ደኅናው ሕፃን የቀነጨረ፣ የቀነጨረውም ደኅና ተብሎ ይጻፋል።

ወሩን ማን ያውቃል? እነዚህ ቍጥሮች በተገኙበት በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ልደታቸው በመንግሥት መዝገብ የተጻፈላቸው ከመቶ 3ቱ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ቈጣሪው ወደ እናትየው ትዝታ ይመለሳል፤ እርሷም ለመስከረም ይሁን ለጥቅምት አላስታውስም ስትለው፣ በግምት ጽፎ ያልፋል። እኔ ለመሥሪያ ቤታችሁ አንድ ምክር ላቅርብ፤ በክርስቲያኑ ገጠር የልደቱን ቀን የረሳች እናት ክርስትና የተነሣበትን ቀን አትረሳም፤ ድግሱ፣ የክርስትና አባቱ፣ በዚያ ቀን የዋለው በዓል ከኅሊናዋ አይጠፋምና። በልማዱ ወንዱ በአርባ፣ ሴቲቱ በሰማንያ ቀን ስለሚጠመቁ፣ ወንድ ልጅ በጥምቀት ማግስት ክርስትና ከተነሣ ልደቱ በታኅሣሥ መጀመሪያ እንደ ነበረ ጠያቂው ራሱ ሊቀንስ ይችላል። ለሙስሊም እናት ደግሞ ረመዳንና ዓረፋ መነሻ ይሆናሉ፤ ሆኖም የሒጅራው ዓመት ከፀሐዩ 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር፣ የየትኛው ዓመት ረመዳን እንደ ነበረ አጥብቆ መጠየቅ ያሻል። ይህን ማወቅ ብዙ ወጪ አያስወጣም፤ በፍሎረንስ ወይም በኒው ዮርክ የሚነደፍ መጠይቅ ግን ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልመለስ። የበለጸጉት አገሮች ሠንጠረዥ ከሚቆምባቸው ምሰሶዎች ሁለቱ፣ ማለት ከ2000 ጀምሮ የ15 ዓመት ልጆችን የሚፈትነው፣ ፒዛ የተባለው ዓለም አቀፍ የትምህርት ምዘናና 11፣ 13ና 15 ዓመት የሞላቸውን ስለ ጤናቸውና ስለ ጠባያቸው የሚጠይቀው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት፣ ልጁን የሚያገኙት በመማሪያ ክፍል ነው። በጥናቱ ቀን ከትምህርት ቤት የቀረ፣ የተባረረ ወይም ከነጭራሹ ያልገባ ልጅ በሠንጠረዡ ውስጥ የለም። የእኛን የመሳሰሉት አገሮች የሚቈጠሩበት የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ደግሞ በየቤቱ በር ቆሞ፣ እዚህ ቤት ዘወትር የሚኖር ማን ነው፣ ትናንት ሌሊትስ እዚህ ያደረ ማን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ በባሕርዩ የቤተ ሰብ ጥናት ስለ ሆነም፣ ገዳሙን፣ ማሳደጊያውን፣ ወህኒ ቤቱን የመሰሉ የወል መኖሪያዎችን ያልፋል፤ በረንዳ ያደረውንም በር ስለሌለው ማንም አያንኳኳበትም።

የቆሎ ተማሪውን እንውሰድ። ከወላጆቹ ቤት በልጅነቱ ወጥቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት የሚሄደው ልጅ፣ ወደ እናቱ ደጅ ለመጣው ቈጣሪ ለትምህርት ሄዷል ተብሎ ከቤተ ሰቡ ዝርዝር ይወጣል፤ በመምህሩ አጥቢያ ያለችው፣ ከሁለት ሦስት ባልንጀሮቹ ጋር የሚያድርባት የሣር ጎጆም የቤተ ሰብ መኖሪያ ተብላ ለመመዝገቧ ዋስትና የላትም፤ በትምህርት ሚኒስቴር መዝገብም ተማሪ አይባልም። ይህ ልጅ በፍሎረንሱ መለኪያ ቢመዘን፣ ጠረጴዛ የለውም፤ መጽሐፍ የለውም፤ ከወላጆቹ ጋር በገበታ አይቀርብም፤ ዳዊቱን ግን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይወጣዋል። እርሱን እያየን ጥበበኛው ድኻ እያልን የምናወድስ ብዙዎች ነን፤ በውዳሴያችን ግን እከኩን፣ ረኀቡን፣ ቁራሽ ሲለምን በየደጁ የሚነክሰውን ውሻ፣ በጉንፋን ጀምሮ በሳንባ ምች የሚወስደውን ሌሊት አናይም። ወይም ይቈጠርና እንወቀው፤ ወይም እንዳልተቈጠረ ይነገረን።

ከገጠር መጥታ በከተማ ዘመድ ቤት የምታገለግለው የ12 ዓመት ልጅ ከዚህ ትለያለች፤ እርሷ በቤተ ሰቡ ዝርዝር «ዘመድ» ተብላ ትጻፍ ይሆናል። ነገር ግን የሴቶች መጠይቅ የሚጀምረው ከ15 ዓመት ስለ ሆነ ራሷ አትጠየቅም፤ ስለ ልጆቿ የምትጠየቀው የቤቱ እመቤት ናት፤ ልጅቱ ደግሞ የእመቤቲቱ ልጅ አይደለችም።

የሦስተኛው ልጅ ነገር ደግሞ ይብሱን ያስቸግራል። እናቱ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ሪያድ ሄዳ በሰው ቤት እየሠራች ገንዘብ የምትልክለት ሕፃን፣ በአያቱ ቤት ቆርቆሮ ተለውጦለት፣ ቴሌቪዥን ገብቶለት፣ ወለሉ ሲሚንቶ ሆኖለት ይኖራል፤ የሀብት መለኪያው እነዚህን ዕቃዎች ቈጥሮ ቤቱን ከድኾች ተርታ ያወጣዋል። መጠይቁ እናትህ በሕይወት አለችን፣ በዚህ ቤትስ ትኖራለችን ብሎ ይመዘግባል፤ መልሱ ግን በሌላ ሰንጠረዥ፣ በሌላ ገጽ ስለሚታተም፣ የሕፃኑን ሀብት ያበዛውና እናቱን ያራቀው አንድ ምክንያት መሆኑን አንባቢው አያገኘውም። ሁለቱን መልሶች በአንድ ገጽ ማገናኘት ለእናንተ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ስለ ሌሎቹ መለኪያዎች ብዙ አልልም። የዓለም ባንክ በ2018 ባወጣው የሰው ሀብት መለኪያ በዚያን ጊዜ የሚወለደው የኢትዮጵያ ሕፃን 0.38 ተሰጥቶታል፤ ይኸውም ካደገ በኋላ የሥራ ፍሬው፣ ሙሉ ጤናና ሙሉ ትምህርት ቢያገኝ ሊሆን ከሚችለው 38 በመቶ ይሆናል ማለት ነው፤ ለገንዘብ ሚኒስትሮች ጠቃሚ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ሕፃንን በጐልማሳነቱ በሚያስገባው ትርፍ መመዘን ደስ አይለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋሙት ጉባኤ በ2020 ለ180 አገሮች ሠንጠረዥ ሲያወጣ ግን አንድ ደግ ነገር አድርጓል፤ በሕፃናት ደኅንነት ኖርዌይን አንደኛ፣ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን የመጨረሻ አድርጎ ካስቀመጠ በኋላ፣ እያንዳንዱ አገር በነፍስ ወከፍ ወደ አየር የሚለቀውን የካርቦን ጭስ በሌላ ዓምድ ቢመዝን፣ በፊተኛው ዓምድ ከላይ የነበሩት አብዛኞቹ ወደ ታች ወረዱ፣ ኖርዌይም ከ150ኛ በታች ሆነች። የአንዱ አገር ሕፃን ምቾት የሌላው አገር ሕፃን ድርቅ ሊሆን እንደሚችል በሠንጠረዥ ላይ በዚህ አኳኋን ሲታይ መልካም ነው።

በአዲስ አበባ የተቀመጠው የአፍሪካ የሕፃናት ፖሊሲ መድረክ በ2008 የሠራው ደግሞ ወደ ፍትሕ ይበልጥ የቀረበ ይመስለኛል። 52 የአፍሪካ አገሮችን ሲያስተያይ የሕፃናቱን ኑሮ ብቻ ሳይሆን የመንግሥታቱን ሕግ፣ በጀትና ጥረት ጭምር ስለ መዘነ፣ ሞሪሸስና ናሚቢያ ከፊት ሆነው፣ በገቢዋ ድኻ የምትባለው ማላዊ ከአሥሩ ፊተኞች መካከል ስትገኝ፣ ነዳጅ የሞላባት ኢኳቶሪያል ጊኒ ከኋላ ቀርታለች። የማይችለውን ላላደረገ መንግሥትና የሚችለውን ላላደረገ መንግሥት አንድ ፍርድ እንዳይሰጥ የሚያደርግ መለኪያ ከደጃችን እያለ፣ ጋዜጦቻችን የሩቁን ብቻ ማሰማታቸው ያሳዝነኛል።

ከሁሉ የሚሻለው ማነጻጸር ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ሕፃኑን ከራሱ ትናንት ጋር የሚያስተያየው ነው። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው «ያንግ ላይቭስ» የተባለ ጥናት ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ 20 ስፍራዎች 3 ሺህ ያህል ልጆችን፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ካሉት ጋር ደግሞ በጠቅላላው 12 ሺህ ልጆችን፣ በየጥቂት ዓመቱ እየተመለሰ ሲጠይቅ ኖሯል። ሁለት የዕድሜ ቡድኖችን ስለ ያዘ፣ የታላላቆቹን የ12 ዓመት ኑሮ ከሰባት ዓመት በኋላ 12 ዓመት ከሞላቸው ታናናሾች ኑሮ ጋር በዚያው መንደር፣ በዚያው ጥያቄ ያስተያያል፤ ምን ተሻሻለ፣ ምን ባሰ የሚለውን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም። የእናንተው መሥሪያ ቤት ከዩኒሴፍ ጋር በ2018 ያወጣውና ከ41 ሚሊዮን ሕፃናት 36 ሚሊዮኑ በብዙ ወገን የተጐዱ መሆናቸውን ያስረዳው መግለጫም ታላቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም ከመቶ 88ቱ ከመስመሩ በታች በሆኑበት አገር፣ መስመሩ ብቻውን ለማን ይቅደም የሚለውን አይመልስምና፣ ሕፃኑን በስሙና በዓመቱ የሚከተል ጥናት የግድ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ አሁን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ከ1984 ጀምሮ ገንዘብ ሲሰጠው የኖረው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መርሐ ግብር በ2025 ድጋፉ ተቋርጦበት በብዙ አገሮች ሥራው ታውኳል፤ በእኛም አገር ጦርነትና ሥጋት ቈጣሪውን ከብዙ ወረዳ አርቀውታል፤ ቈጣሪ ባልደረሰበት ዓመት ደግሞ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ካለፈው መረጃ መስመር ዘርግተው ስለሚገምቱ፣ ጦርነት የገባበት መንደር ሕፃን በሰላሙ ዘመን አኃዝ እየተወከለ ይኖራል። ስለዚህ ገንዘቡ ከየትም ቢመጣ፣ የሚቀጥለው መጠይቅ በሚዘጋጅበት ጊዜ የዕድሜውን ጥያቄ በየአካባቢው ልማድና በዓል እንድታደራጁት፣ ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 14 የሆኑት ራሳቸው የሚመልሱት አንድ ክፍል እንድትጨምሩ፣ በየገጹም ግርጌ እነማን እንዳልተጠየቁ፣ ማለት የአብነት ተማሪው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ የጎዳናው ልጅ፣ ቈጣሪ ያልገባበት ወረዳ፣ በግምትም ቢሆን ከነቍጥራቸው እንድታትሙ በአክብሮት እለምናለሁ። የውጭዎቹም ጽሕፈት ቤቶች ይህን ግርጌ ሳይቈርጡ ወደ ሠንጠረዣቸው ያስገቡት፤ ለመቍረጥ ከተገደዱም አገራችንን ከተርታው ይተዉአት።

አንድ ነገር ይቀራል። ሕፃኗን በእንጨቱ ላይ አስተኝታ ብዙ ጥያቄ የመለሰችው እናት ውጤቱን አታየውም፤ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ በአዲስ አበባ ሆቴል ይመረቃል። ጥናቱ በተካሄደባቸው ቀበሌዎች፣ ከልኬቱ በኋላ በሚውለው የመጀመሪያ ስብሰባ፣ የወረዳው የጤና ባለሙያ በነዋሪው ቋንቋ፣ የማንንም ስም ሳይጠራ፣ ከዚህ አካባቢ ይህን ያህል ሕፃን ለካን፣ ይህን ያህሉ ቀንጭሮ ተገኘ፣ እነ እገሌ የሚባሉትን ዓይነት ልጆች ግን አላገኘናቸውም ብሎ እንዲያነብላቸው ትእዛዝ ይሰጥልን፤ እናቶቹም ያላገኛችኋቸው ልጆች የት እንደሚያድሩ ሊነግሯችሁ ይችላሉ።